የመካነ ሰላም ኩብኛ

አድማሴ ሰባት ዓመት ሙሉ ያወራው ወሬ በስምንተኛው ዓመት ቤቱ ድረስ መጣበት። ከኦጋዴን ጦርነት ቀኝ እግሩን እያነከሰ ወደ መካነ ሰላም ከተመለሰ ጀምሮ ጠላ ቤት በገባ ቁጥር "እኔ እኮ ከኩባዎቹ ጋር በቋንቋቸው ነው የማወራው" ይል ነበር። ማን ይፈትነዋል? ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ ቢፈለግ ያንን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የቋንቋው ስም ስፓኒሽ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ኩብኛ ነው የሚለው። አድማሴ ሁለት ጣሳ ካለፈ በኋላ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይለቅና "ምን ማለት ነው?" ሲሉት "እሱማ በአማርኛ አይገኝም" ይላል። እውነትም አይገኝም ነበር፤ ስድብ ነው።

ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ቋንቋውን የለመደው ሐረር የጦር ሆስፒታል ሰባት ወር ተኝቶ ነው። ጎኑ ባለው አልጋ ላይ ራሞን የሚባል የኩባ መድፈኛ ነበር። ሁለቱም የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ሲነጋገሩ ይውላሉ። ውሃ፣ ዳቦ፣ አልጋ፣ ጉልበት፣ እናት፣ ልጅ፣ ላም፤ ሐኪሙ የሚመጣባቸው ቀኖች፣ የት ያምሃል፣ ደህና ነህ፣ ርቦኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቢቆጠር ከሁለት መቶ ቃል ቢበልጥ በጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሠላሳው ለጆሮ አይሆንም።

እንግዲህ በ፲፱፻፸፯ ጥር ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ በረሃቡ ምክንያት ድንኳን በድንኳን በሆነበት ጊዜ፣ የመጠለያው አስተባባሪ ፈንታው አስጠራው። ፈንታው ወረቀት የሚወድ፣ ሰውን ሁሉ ጓድ እያለ የሚጠራ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

"ጓድ አድማሴ፣ የኩባ ሐኪሞች ሊመጡልን ነው።"

"እሰየው ነው!"

"እሰየው ብቻ አይደለም። ሐኪሞቹ አንድ ቡድን ናቸው፣ መጠለያው ሁለት ነው፤ የኛና አጅባር በኩል ያለው። መጥተው ያዩና የሚቀመጡበትን ይመርጣሉ። ችግሩ የባሰበትንና አስተርጓሚ ያለበትን ነው የሚመርጡት። ችግሩ አላነሰንም። አስተርጓሚ ግን የት አለ? አንድ ወር አለህ፣ አሥር ሰው አስተምርልኝ።"

አድማሴ ያን ጊዜ ሐቁን ቢናገር ኖሮ የሚያጣው የጠላ ቤት ዝናውን ብቻ ነበር። ነገር ግን ወደ ፈንታው ቢሮ የመጣው በድንኳኖቹ መሃል አልፎ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ያለው ባለሙያ አንድ ድሬሰር ብቻ ነው፤ እሱም መድኃኒት ካለቀበት ሰንብቷል። በየማለዳው ቀባሪዎች ቃሬዛ ይዘው ይዞራሉ። አድማሴ ይህን አይቶ እምቢ የሚልበት አንጀት አጣ። እንደ ወታደር "መርሃባ" ብሎ ወጣ።

ክፍሉ የቀበሌው አዳራሽ ሆነ። የመሠረተ ትምህርቱ አግዳሚዎች እንደተደረደሩ ናቸው፤ ከፊት ለፊት ሦስቱ የአብዮት ባለጢሞች ከግድግዳው ሥዕል ላይ ቁልቁል ያያሉ። አምስት ሰው ከከተማው፣ አምስት ከመጠለያው መጣ። አድማሴ ሰው ሲያስተምር ያየው ማሠልጠኛ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ደብተሩን ገልጦ፣ "ስም!" ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ዓይኑን ከደብተሩ አሸሸ።

"ስም ብያለሁ! አንቺ!"

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት በለጡ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከአማራ ሳይንት ወዲህ ልጇን አዝላ በእግሯ የመጣች ናት። "ኩብኛውን እማራለሁ" አለችው ረጋ ብላ፤ "ስሜን ግን አልጽፍም።"

"ለምን?"

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የተገኙት አራት ሰዎች ናቸው። አድማሴ በሰው ንቀት ተናድዶ፣ እሱ ራሱ ሲሰማ እስኪያፍር ድረስ በአራቱ ላይ ጮኸባቸው።

ከአራቱ አንዱ ሼህ ይማም ነበሩ። አርባ ዓመት ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪዎቻቸውን፣ ደረሶቹን፣ ረሃቡ በየአቅጣጫው ሲበትንባቸው ብቻቸውን መቀመጥ ከበዳቸው፤ ትምህርት አለ ሲባል ሰምተው "ኢልም ከሆነ እኔም ልማር" ብለው መጥተው ከልጅ እግሮቹ ጋር ተቀመጡ። ሌሎቹ ሲወጡ ቀሩና አጠገቡ መጡ።

"አድማሴ ልጄ፣ አውፍ በለኝና አንድ ነገር ልንገርህ?"

"ይንገሩኝ እንጂ ሼህዬ።"

"ያቺ ሴት ባሏ የት እንዳለ ታውቃለህ? ኅዳር ላይ ስሙን ጻፉት፣ በሦስተኛው ቀን መኪና ላይ ጫኑት። ሰፈራ ነው ተባለ። አሁን ደብተር ይዘህ ስም ስትል ምን የምታስብ ይመስልሃል?"

አድማሴ ደብተሩን አየና ደነገጠ። ይህ በጭራሽ አልመጣለትም ነበር።

"ሌላም ልጨምርልህ። ቤትህ እንግዳ ሲመጣ ገና ከደጅ ትጮህበታለህ? ትቀበለዋለህ፣ ታስቀምጠዋለህ፣ ቤቱን ልጁን ከብቱን ትጠይቀዋለህ፤ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ዘንድ አዲስ ደረሳ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አላስቀራውም። ተቀምጦ ይሰማል። ሌሎቹ ጮክ ብለው ሲቀሩ ይሰማና በሁለተኛው ቀን ሳታዘው አብሮ ይጮሃል።"

አድማሴ ለጊዜው አኩርፎ ሄደ። ወታደር ነው፤ ምክር ቶሎ አይዋጥለትም። ቢሆንም ሌላ መላ አልነበረውም። በማግስቱ ማለዳ መጠለያው ድረስ ሄዶ፣ ከትምህርቱ የቀሩት እያዩ ስም ሊጽፍበት የነበረውን ወረቀት ቀዶ እሳት ውስጥ ጨመረው። "ና የምለው ስሙን ሳይሆን ሰውዬውን ነው" አለ። ተከትለውት መጡ።

አግዳሚዎቹን አዙሮ ክብ አደረጋቸው። ዱላውን ከበሩ ውጭ አቆመ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ደጅ ግድግዳውን ተደግፈው ይማራሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። ሼህ ይማም እንደነገሩት ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ጮክ ብለው፣ እየተወዛወዙ ይሉታል፤ አንድ የተሻለ የያዘ ሰው አንድ ያልያዘውን ጎኑ አስቀምጦ ያስጠናል። የራሱንም አንድ ሕግ ጨመረ፤ አንድ ሰው ከተሳሳተ ስህተቱን መላው ክፍል አብሮ ይደግመዋል፣ ከዚያ ሁሉም ያርሙታል። እንዲህ ሲሆን የማን ስህተት እንደነበር ለመለየት እስኪያዳግት ድረስ ይሳሳቃሉ። አዲስ አበባ ለመማር አስባ በችግሩ ምክንያት የቀረችው አልታዬ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰችዋ፣ መጀመሪያ ላይ አፏን ለመክፈት ታፍር ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ዝም የሚያሰኛት ጠፋ።

ከሁሉ የከበደው ነገር "አላውቀውም" ማለት ነበር። ሼህ ይማም በሽተኛ ሆነው መሬት ላይ ይጋደማሉ፤ የሰው ሳቅ ካገኙ ማቃሰቱን ያሳምሩታል። "ዶንዴ ሌ ዱኤሌ?" ይላቸዋል ክፍሉ፣ የት ያምዎታል ማለት ነው። ጉልበታቸውን ሲይዙ አድማሴ የጉልበትን ስም ከራሱ እግር ያውቀዋል። ሆዳቸውን ሲይዙ ግን ተያዘ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያወራ የኖረ ሰው የሆድን ስም አያውቅም።

"አላውቀውም" አለ በመጨረሻ። "ሐኪሞቹ ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን።"

ይስቁብኛል ብሎ ነበር። አልሳቁበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲያውም ይበልጥ ወደዱት፤ በለጡም "አያ አድማሴ" ማለት ጀመረች።

ትምህርቱ የሚጀመረው ግን በሰላምታ ነው። አድማሴ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ነበር የያዘው። ራሞን ያስተማረው ሰላምታ አጭር ነው፤ "ኮሞ ኤስታ?" ሲሉ "ቢየን፣ ግራሲያስ" ብሎ ማለቅ። እንዴት ነህ፣ ደህና፣ ይመስገን። ይህ ለወሎ ሰው ሰላምታ አይባልም። ስለዚህ አድማሴ እንደ አገሩ አስረዘመው። አንዱ ተነሥቶ እንዴት ነህ ይላል፤ ቢየን። ቤትህስ? ቢየን። ልጆችህስ? ቢየን። ላሞችህስ? ቢየን፣ ሙይ ቢየን፣ በጣም ደህና ናቸው! ከዚያ ጠያቂው ተጠያቂ ይሆናል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ላም የቀረለት ሰው አልነበረም፤ ቤት ያለውም ከግማሽ በታች ነው። ቢሆንም በአማርኛም ቢሆን መልሱ ይኸው ነውና ማንም ልብ አላለውም። ሰላምታው ሲያልቅ ፊታቸው ፈካ ይላል፤ ያንን ማየት አድማሴን ደስ ያሰኘው ነበር።

ሲሉት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ሙሪዮ"፣ ሞተ። ፊት ለፊት ያለው አልጋ ባዶ ሆኖ ባደረ ቀን ራሞን የነገረው ቃል ነው። አንድ ጊዜ አስባላቸውና ወደ ሌላ አለፈ።

ጎበዟ በለጡ ነበረች። ፊደል አትቆጥርም፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ ከዚያ ቃሉን ከራሞን አፍ እንደወጣ አድርጋ ትለዋለች። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት። "ይዘሻት ነይ እንጂ" ሲላት "ትንሽ አሟታል፣ ከጎረቤት ትቻታለሁ" ትለው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ዕለት አርፍዳ መጣች። ክፍሉ ሰላምታውን ጨርሶ ነበር፤ አድማሴ ግን እሷን ሳያሰማ ማለፍ አልወደደም።

"በለጡ፣ ኮሞ ኤስታ?"

"ሙይ ቢየን፣ ግራሲያስ።"

"ቤትሽስ?"

"ቢየን።"

"ልጅሽስ?"

ጥቂት ቆየችና "ቢየን" አለች።

"ሰማችሁ?" አለ አድማሴ በደስታ። "ኩባዎቹ ራሳቸው እንዲህ አጥርተው አይሉትም! እስኪ አጨብጭቡላት። ድገሚልን በለጡ።" ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው።

ዓርብ ዕለት ሐኪሟ መጣች። ዶክተር ኢነስ ትባላለች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ፀጉሯን በጨርቅ የጠቀለለች ሴት። አንዲት ነርስና ሾፌር ብቻ አብረዋት አሉ፤ ሌሎቹ ደሴ ሆነው የምትመርጠውን ይጠብቃሉ። ፈንታው መጀመሪያ ወደ ክፍሉ አስገባት። አሥሩ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሰላምታውን አወረዱላት፤ ቤቷን፣ ልጆቿን፣ ላሞቿን ሁሉ ጠየቋት። ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ እየዞረች ሁሉንም አቀፈች። ሼህ ይማምን ልታቅፍ ስትል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአክብሮት ጎንበስ አሉላት፤ ገባት። አድማሴ ያን ሰዓት መሬት ላይ አልቆመም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ መጠለያው ሄዱ። እዚያ ከሐሙስ ጀምሮ የተሠራውን ሥራ ያዘዘው ማንም አልነበረም። እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ሰዉም ሰው የሚያደርገውን አደረገ። በድንኳኖቹ መካከል ያለውን መንገድ በቅጠል ጠረጉት፤ ነጠላ ያላቸው ነጠላቸውን አጠቡ። መቀመጥ ያልቻሉትን በሽተኞች፣ እንግዳ ገና ሲገባ ዓይኑ እንዳያርፍባቸው፣ ጥግ ወዳሉት ሦስት ድንኳኖች አዛውረው በሩን ጋረዱት። ቀና ማለት የቻሉት ከፊት ለፊት ተደርድረው ቆሙ።

አልታዬ ታስተረጉም ጀመር። "ኮሞ ኤስታ?" አለች ሐኪሟ ለመጀመሪያው ሽማግሌ።

"አባቴ፣ እንዴት ነዎት ትላለች።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እሷስ ደህና ናት? አገሯ ደህና ነው?"

"ቢየን፣ ግራሲያስ። ኢ ኡስቴድ?"

ሁለተኛዋ ሴት "እግዜር ይመስገን፣ ምን እሆናለሁ" አለች። ቢየን። ሦስተኛው "ተመስገን፣ ይኸው አለን" አለ። ቢየን። ሠላሳ ሰው ያህል እንዲህ አለፈ። የቆዳቸውን መሳሳት፣ የእግራቸውን እብጠት ሐኪሟ አላየችም አይባልም፤ ጽፋዋለች። ነገር ግን በአጅባርና ባለፈችባቸው ሌሎች ቦታዎች የባሰ አይታ ነው የመጣችው፤ እነዚህ ደግሞ ቆመው፣ ፈገግ ብለው፣ ደህና ነን ይሏታል። አድማሴ ከኋላ ሆኖ ተማሪዎቹ ስህተት ይሠሩ እንደሆነ ጆሮውን አቁሞ ይከተል ነበር። አንድም ስህተት አላገኘባቸውም።

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ሐኪሟ የፈንታውን እጅ ይዛ ብዙ ተናገረች። በፍጥነት ስለሆነ አድማሴ ግማሹ አመለጠው። የያዘው ይህን ነው፤ ንጹሕ ቦታ፣ ጥሩ ሰዎች፣ ጥሩ ክፍል። እዚህ ቢየን። እዚያ፣ አጅባር በኩል፣ ሰው ይሞታል። ወደዚያ እንሄዳለን።

"ምን አለች?" አለ ፈንታው በፈገግታ።

"ይሄዳሉ። ደህና ናችሁ አለች።"

የፈንታው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። አድማሴ የሚያውቀውን ቃል ሁሉ ሰብስቦ ተንተባተበ፤ "ኖ፣ ዶክቶራ! ኖ ቢየን! ብዙ፣ ብዙ ሰው..." ሐኪሟ ትከሻውን በፍቅር መታ መታ አደረገችው። ልብህ ይገባኛል፣ ግን እኮ ራሳቸውን ጠይቄያቸዋለሁ ዓይነት ነገር አለችው። እውነቷን ነው፤ ራሳቸውን ጠይቃቸዋለች።

አድማሴ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ኧረ ንገሯት! እየሞትን ነው በሏት! ራበን በሏት!"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ለእንግዳ? ገና በመጣችበት ቀን?" አለች። ያ አስቀድሞ ደህና ነኝ ያለው ሽማግሌ "ሐምዱን ልንተው ነው እንዴ ልጄ? ምስጋና ከቀረ ምን ቀረን?" አለው። ቁጣ የለበትም፤ ግራ ገብቶት ነው። ሼህ ይማም መሬት መሬቱን ያያሉ። ሰውን በሰላምታ ተቀበል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ያንን ሰላምታ በኩብኛ አስጠንቶ ለሐኪሟ ያቀበላት ደግሞ ራሱ አድማሴ ነው። ሁለቱም ይህንኑ እንደሚያስቡ አድማሴ አወቀ። ሐኪሟ የመኪናውን በር ከፈተች።

በዚህ ጊዜ በለጡ ከመካከል ወጣች። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ሄዳ ከተከፈተው በር ፊት ቆመች፤ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች።

"ኖ ኤስቶይ ቢየን" አለች።

ደህና አይደለሁም።

"ቴንጎ አምብሬ።"

ርቦኛል።

ሐኪሟ አንድ እግሯ መኪና ላይ እንደሆነ ቀረች። በለጡ ትንሽ ፈለገችና የቀረውን አገኘችው። "ሚ ኢሃ ሙሪዮ። ኤል ማርቴስ።"

ልጄ ሞተች። ማክሰኞ።

ቃሉን ያስተማራት አድማሴ ነውና ሁሉንም ሰማው። ማክሰኞ፣ ብሎ አሰበ። ረቡዕ አርፍዳ መጣች። ልጅሽስ ብሎ ጠይቋታል። አስጨብጭቦላታል። የመኪናውን ጎን ያዘ።

ከዚያ አልታዬ "ኖ ኤስቶይ ቢየን" አለች፤ እያለቀሰች ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አለው። በመጨረሻ ሼህ ይማም ቀረብ አሉ፤ መጀመሪያ ጮክ ብለው "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ያንን ትተው አያውቁምና። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረው "ኖ ኤስቶይ ቢየን" አሉ።

ሐኪሟ እጇን ዘርግታ ሾፌሩን ሞተር አስጠፋችው። "ዶንዴ?" ብላ በለጡን ጠየቀቻት፤ የት? በለጡ ምንም ሳትል ቀድማ ወደ ሦስቱ ድንኳኖች መራቻት፤ የተጋረደውንም ከፈተችላት። ሐኪሟ ከሦስተኛው ድንኳን ስትወጣ ነርሷን ጠርታ ዕቃው በሙሉ ከመኪናው እንዲወርድ አዘዘች። አጅባርም አልተረሳም፤ ቡድኑ ለሁለት እንዲከፈል የዚያኑ ዕለት ወደ ደሴ መልእክት ላከች።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ክፍሉ እንደወትሮው ተሰበሰበ። በለጡም መጥታ ቦታዋ ተቀመጠች። አድማሴ ሰላምታውን ሳያስጀምር ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"በለጡ፣ ረቡዕ ዕለት ስጠይቅሽ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ አያ አድማሴ? አንቱም ደስ ብሎዎት ነበር።" ጥለቷን በጣቷ ስታሻሽ ቆየች። "ቀባሪዎቹ በማለዳ ወሰዷት። ከእሷ ጋር ሌላ አምስት ሬሳ ነበር። ማን ለማን ያለቅሳል? እዚህ መጣሁ።"

"ትናንትስ እንዴት ቻልሽው?"

"በኩብኛ ነዋ። በዚያ ቋንቋ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው የመሰለኝ። በአማርኛ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አላልኩትም።"

አድማሴ "ስሟ ማን ነበር?" አለ።

በለጡ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አልታዬ ተነሥታ መጣችና ጎኗ ተቀመጠች። ሌሎቹም ሳይነጋገሩ አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳው ገፉ፣ ያለውን አጎዛ አነጠፉ፣ መሬት ላይ ዙሪያዋን ተቀመጡ። ሼህ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። በዚህ መሃል ዶክተር ኢነስ አስተርጓሚዎቿን ልትወስድ በሩ ላይ ደረሰች። አድማሴ ሄዶ ሊያስረዳት ፈለገ፤ ለልቅሶ የሚሆን ኩብኛ ግን አልነበረውም። "ልጇ" ብቻ አላት በቋንቋዋ። ሐኪሟ ጥቂት ቆማ አየችና ገብታ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች።

"ሸጋዬ" አለች በለጡ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። "ሸጋዬ! ሸጋዬ ልጄ! ማክሰኞ እኮ ነው ጥለሽኝ የሄድሽው፤ ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ ሸጋዬ!" እያለች በአማርኛ አለቀሰች። የክፍሉ ሰው በሙሉ አብሯት አለቀሰ፤ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው አድማሴ ነበር።